«እግዜር ይመስገን» ሲተረጎም

በየወሩ፣ ማክሰኞ ማታ፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣
ማትናሱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ጨለማ፣
ስድስት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዱ ወንበር አንካሳ፣
ብስኩት መሃል ተቀምጧል፤ መጀመሪያ ማን ያንሳ?
ላሪሳ፣ ከጤና ጣቢያ። ኦስናት፣ ከትምህርት ቤት።
ዋሂብ ፖሊሱ፣ ቆቡ ጉልበቱ ላይ። ፕሮስፔር፣ ከፖስታ ቤት።
ሺራ ከማኅበራዊ ጉዳይ፣ ፋይል ያቀፈች እንደ ጨቅላ፣
እኔም አስተርጓሚዋ፣ በሁለት ምላስ የምበላ።

ፍቅር አልሰበሰበንም። የሰበሰበን አንድ በር ነው፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ ዋሂብ በትከሻው የሰበረው።
ከበሩ ኋላ እማማ ትርንጎ፣ ወለል ላይ ሁለት ሌሊት፣
አጠገባቸው የልጃቸው ልጅ ያኪር፣ ገና የዘጠኝ ዓመት፣
በሻይ ማንኪያ ውሃ ይዞ፣
የትምህርት ቤት ቦርሳውን ከራሳቸው ስር ጎዝጉዞ።

ተረፉ። ልብ እንዳይሰቀል አስቀድሜ ልናገር።
እኛ ግን ያን ማክሰኞ ተፋጠጥን፤ ማን ይጀምር?

ላሪሳ፦ «ሦስት ወር ሙሉ የስኳር መድኃኒት አልተወሰደም፤
መዝግቤው ነበር፤ የጠየቀኝ የለም።»
ኦስናት፦ «ሰኞና ሐሙስ ይቀራል፤ ሲመጣም እንቅልፍ ይጥለዋል፤
መዝገቤ ላይ ሰፍሯል።»
ዋሂብ፦ «ጎረቤት ጩኸት ሰማሁ ብሎ ደወለ፤ ሄድኩ፤
ጸጥ ብሎ ነበር፤ ተመለስኩ።»
ፕሮስፔር መነጽሩን አወለቀ፦
«ጡረታቸውን የሚቆጥረው ሌላ እጅ ነው፣ ባለ ቀለበት፤
በየወሩ አየዋለሁ። ምን አግብቶኝ ልግባበት?»

ለካ ሁላችን አንዳንድ የቁልፍ ጥርስ በኪሳችን ኖሮ፣
በሩ ግን የተከፈተው ተሰብሮ።

የኔ ተራ ደረሰ። ብስኩቱን አየሁ።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
ከአምስት ወር በፊት፣ ከሺራ ጋር፣ እዚያው ቤት ገብተን ነበር፤
«የጎደለ ነገር አለ?» አለች፤ እኔም ጥያቄውን ሳሻግር፣
ሻሻቸውን ሳብ አደረጉ፤ ልጁን በዓይናቸው ጠቀሱ፤
«እግዜር ይመስገን» ብለው መለሱ።
እኔ ወደ ዕብራይስጥ፦ «ሁሉ ነገር ደህና ነው።»
ሺራም ምልክት አደረገች፣ «ችግር የለም» ከሚለው።
ቃል አልሳትኩም። መዝገበ ቃላት ቢጠየቅ ይመሰክርልኛል።
ሰው ግን ወለል ላይ አድሯል።

«እግዜር ይመስገን» ወሬ አይደለም፤ መዝጊያ ነው፣ የሚገጠም በትሕትና፤
በለቅሶ ቤት ይባላል፣ በማጣት ይባላል፣ አልፎ አልፎም በጤና።
ወሬው ከሱ ወዲያ ነው፤ ቁጭ ላለ፣ ሰዓቱን ላላየ፣
ደግሞ ለጠየቀ፣ ደግሞ ለዘገየ።

«ገመና»ን ማስረዳት ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀ።
«ምስጢር?» አለች ኦስናት። አይ። «ነውር?» አይ። ብስኩቱ አረጀ።
ቤት ከቆዳው ላይ የሚለብሰው ልብስ ነው፣ ብዬ ሳበቃ፣
ዋሂብ ከሐሳቡ ነቃ፦
«እኛ ጋ ‹ሲትር› ይባላል። እናቴ ከዳቦ በፊት የምትለምነው።»
ፕሮስፔር፦ «የሞሮኮዋ አያቴ ‹ሕሹማ› ትለው ነበር፤ አፌን የዘጋው እሱ ነው።»
ላሪሳም ሳቀች፦ «የጎጆን ጥራጊ ደጅ አታውጣ፣ ይባላል በኛ።»
ለካ አንድ ሸማ ለብሰን ነው ባዳ የመሰልነው፣ እኛ ለኛ።

ጥበበኞች አልሆንም፤ ዘንድሮም ስተናል፤
አንዲትን እናት በከንቱ ጠርጥረን፣ ደጇ ቆመን ይቅርታ ለምነናል።
ያኪርም አልማረንም፦ «ለማንም ላልናገር
ቃል ገብቼ ነበር።»
ማንኪያዋን ዛሬም ከኪሱ አይለያትም።
አንጠይቀውም።

ትናንት ከሺራ ጋር ሄድን። «እንዴት ሰነበቱ?» አልኩ።
«እግዜር ይመስገን» አሉ። አልተረጎምኩ።
ሺራ ብዕሯን ከደነች፤ ወንበሯን ይዛ ጠጋ፤
«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች በተሰባበረ አማርኛ፣ ድምጿን አድርጋ ረጋ።
እማማ ትርንጎ ጥቂት አዩዋት፣ የዘመድ አስተያየት።
ከዚያ ጀመሩ፦ «ይኸውልሽ… ጉልበቴን፣ ሌሊት ሌሊት…»